ነውሩ የተጻፈለት ቀለበት

በዘመሮ ገበያ አፌ ከሚዛኔ ይልቅ ይታመን ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እንዲያውም የማወራው ያ እምነት እንዴት እንዳሳበጠኝ ነው። ሱቄ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በጨርቅ ሱቅና በእህል ወፍጮ መካከል የተሸጎጠች ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ሙያውን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብር ሲያነጥሩ ኖረው አንድ ደረሰኝ ሳይቆርጡ ዐረፉ። ሰው "ብሩ ንጹሕ ነው?" ሲላቸው "የሠራሁት እኔ ነኝ" ይሉ ነበር። ወረቀታቸው ይኸው ነበር። እኔም መዶሻቸውን፣ ወናፋቸውንና ይህችን መልስ ወረስኩ።

አንድ ልዩነት ግን ነበረን። አባቴ ጥቂት ይናገሩ ነበር፤ እኔ ብዙ እናገራለሁ። ደንበኛ ገና ጣቱን ሲዘረጋ የቀለበቱን ካራት የምጠራ፣ ሳልጠየቅ "የሸጠልሽ ሰው ጉድ ሠርቶሻል" የምል ሰው ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ የሆነ ሰው ሁልጊዜ ልክ የሚሆን ይመስለዋል።

ጥር ወር ነበር። ውርጩ የሱቄን ቆርቆሮ ነጭ አድርጎት ባደረ ማለዳ አንዲት ልጅ ከወንዙ ማዶ ካለው ቀየት በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራ መጣች። ነርስ ናት። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ ጸጉሯ ለሠርጓ ተብሎ ከእናቷና ከአክስቶቿ እጅ ቅቤ ጠግቧል። ሁለት ሴቶች ጆሮ ጌጥ ሊያስጠግኑ ቀድመዋት ስለነበር በሩ ላይ እየተንቀጠቀጠች ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ ቀለበት አውልቃ ሰጠችኝ።

"እትዬ፣ ሰፍቶኝ ነው። እጄን ስታጠብ እየወለቀ አስቸገረኝ። አጥብቢልኝ።"

ቀለበቱ ወርቅ ነው፤ መካከሉ ላይ ከገብስ ፍሬ የምታንስ ፈርጥ ተቀምጣለች። እጮኛዋ የራቤል ከተማ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ በሕንፃ ሥራ ላይ ተሰማርቷል። ከዚያ ገዝቶ ያመጣላት አልማዝ እንደሆነ ነገረችኝ። ከቦርሳዋም በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ወረቀት አወጣች።

"የምርመራ ወረቀቱ ነው። ድንጋዩ ምን እንደሆነ ሁሉ ተጽፏል" አለችኝ።

ወረቀቱን አላየሁትም። እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀቱ ትንሽ አናደደኝ። እኔ ቆሜ ሳለሁ ወረቀት ምን ያደርጋል? ቀለበቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። ፈርጡ ደብዛዛ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ፈዞ ይቀራል። ከዚያ አባቴ ያስተማሩኝን ፈተና አደረግሁ፦ እፍ አልኩበት። እውነተኛ ድንጋይ ትንፋሽ ወዲያው ይለቃል፤ ብርጭቆ ግን ጉም ይዞ ይቆያል። ትንፋሼ ፈርጡ ላይ ተኛ፣ ቆየ፣ አሁንም ቆየ።

"ይሄማ ጠርሙስ ነው!" አልኩ።

ብቻችንን ብንሆን እንኳ ክፉ ነበር። ጆሮ ጌጥ የሚጠብቁት ሁለቱ ሴቶች ግን እዚያው አሉ። ልጅቷ ቀለበቱን ከእጄ ተቀበለች፤ ጣቷ ላይ መልሳ ልታጠልቀው ሞክራ ተወችው። ሐሳቧን የቀየረች መሰለኝና "እናጥበው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋት፤ ይኼን ያህል ልበ ደንዳና ነበርኩ። "ይቅር" ብላ ወጣች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ወደ ጆሮ ጌጦቹ ተመለስኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። የኔው ቃል በዚያው ቀን አፋፉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ቀየት ገባ። በማግስቱ ወፍጮ ቤት የመጡ ሰዎች "የራቤሉ ሙሽራ ጠርሙስ አጥልቆ ሚስት ሊወስድ ነው አሉ" ብለው ለኔው አወሩልኝ። ያየሁትን ነው የተናገርኩት ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ምሳዬን ግን እንደ ልማዴ አልበላሁም።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን የልጅቷ አባት መጡ።

እኚህን ሰው ሳላስተዋውቃችሁ ባልፍ ነገሩ አይገባችሁም። ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። በሦስት ገበያ ውስጥ በግ ሊገዛ የሄደ ሰው እሳቸውን ካገኘ ከሌላ ሰው ምክር አይጠይቅም። እጃቸውን በበጓ ጀርባ ላይ አንድ ጊዜ ካሳለፉ ዕድሜዋን፣ ስንት እንደወለደች፣ በየትኛው ወር እንደታመመች ይነግሩታል። በወርቅ የኔ ቃል እንደሚታመን፣ በበግ የሳቸው ቃል ይታመናል። ያን ቀን ነጭ ኩታ ለብሰው፣ የነፍስ አባታቸውን ቄስ በስተቀኝ፣ ልጃቸውን በስተኋላ አድርገው ገቡ። ሱቄ ሞላች። የጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ፣ ቆላ ተወልደው እዚህ ውርጭ ላይ ያረጁት ሐጂ፣ ሰው ሲሰበሰብ አይተው የሱቄ በር ላይ ቆሙ።

ሰላምታው ረዥም ነበር። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ውርጩ ተጠያየቅን። ከዚያ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ሠርጉ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ጠላው ተጠንስሷል፣ ዳሱ ሊጣል ነው። ይሄ የራቤሉ ልጅ ግን በውሸት ጀምሮ ከሆነ ልጄን አልሰጠውም። ስልክ ደውዬለት 'እውነተኛ ነው፣ ወረቀቱን አንብቡ' ይላል። ወረቀት ማንም ይጽፋል። አንቺ ያልሽውን በነፍስ አባቴ ፊት ድገሚውና ቀለበቱን ልመልስለት።"

"አባዬ፣ እኔ በሣር ቀለበትም አገባዋለሁ ብያለሁ" አለች ልጅቷ። ዓይኗ አብጧል።

"በሣር ቢሆን እኔም እሰጠው ነበር። ሣር ሣር ነኝ ይላል።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያልኩት ነገር የሰው ትዳር ላይ መቆሙን አላሰብኩም ነበር። ለመድገም አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ልደግመው ነበር። ጸጸት ስላልነበረኝ አይደለም፤ ፈራሁ። ተሳስቼ ከሆነ ነገ ማን ወርቁን ለኔ ያሳያል? ዐሥራ ምናምን ዓመት የተጠራቀመ ስም በአንዲት ደብዛዛ ፈርጥ ሊጠፋ ነው። ያዳነኝ የልጅቷ እጅ ነው። ያንኑ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች፤ ልጅ የታቀፈች ትመስላለች።

"እስቲ ወረቀቱን አምጪው" አልኩ።

ጥግ ላይ በስልክ ሲነሣ የወረቀቱን እውነተኛነት የሚያሳይ ምልክት ነበረበት፤ ኔትወርክ ግን እንደ ልማዱ ጠፍቷል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንብባ እንድትተረጉምልን ለልጅቷ መለስኩላትና ቀለበቱን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። አባትየው ቀለበቱን በጭብጣቸው ውስጥ እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ቆይ። መጀመሪያ ምልክቱ ይነገር።"

ይህን ያገሬ ሰው ያውቀዋል። የጠፋ በግ የተገኘ እንደሆነ ያገኘው ሰው አስቀድሞ በጉን አያሳይም፤ "ምልክቱን ተናገር" ይላል። ባለቤቱም "ቀኝ ጆሮዋ የተተረተረ ነው፣ ከኋላ እግሯ ሰኮና በላይ ጥቁር ነጥብ አላት፣ ስትሄድ ትንሽ ታነክሳለች" ይላል። ምልክቱ ከገጠመ ይወስዳታል። ቆንጆ ናት ብሎ በጓን ያስመለሰ ሰው ግን የለም። ቆንጆ በግ ብዙ ነው፤ ሰው የራሱን የሚያውቀው በነውሩ ነው።

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ ቀለሙን፣ አቆራረጡን ተናገረች። አባትየው እንደ ዳኛ ያዳምጣሉ። ከዚያ በድንጋዩ ወገብ ላይ በዓይን የማይታይ ቁጥር መቀረጹን አነበበች። ቀጥሎ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"እዚህ ጋ ደግሞ ሥዕል አለ። ድንጋዩ ከላይ ሲታይ ነው። አንድ ጎኑ ላይ በቀይ የተሣለች ጭረት አለች። ውስጡ ላባ የምትመስል ስንጥቅ አለች ነው የሚለው።"

"ስንጥቅ?" አሉ አባትየው።

"አዎ አባዬ።"

"የሸጠው ሰው ነው ስንጥቅ አለው ብሎ የጻፈው?"

የማውቀውን ነገርኳቸው። ወረቀቱን የሚጽፉት ሻጮቹ አይደሉም፤ ሥራቸው መመርመር ብቻ ነው፤ ድንጋዩን አይሸጡም፣ አይገዙም። ያገኙትን ነውር ሁሉ ይጽፋሉ፣ ሻጩም ያንኑ ወረቀት ለገዢው አብሮ ይሰጣል። ይህን ስናገር የራሴው ድምፅ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ነገሩን አውቀው ነበር፤ አስቤበት ግን አላውቅም።

አባትየው ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባ፣ አርባ ዓመት በግ ስሸጥ አንድ ቀን 'ይህቺ በግ ሳል አለባት' ብዬ አላውቅም። ዝም እላለሁ። ሲጠይቁኝ ነው የምናገረው፤ እሱንም አንዳንዴ።"

"ንስሐ ሲገቡ ይኼን አልነገሩኝም" አሉ ቄሱ።

ሐጂ በሩ ላይ ሆነው ሳቁ። "እኔም የጨርቁን ቀዳዳ ወደ ውስጥ ነው የማጥፈው" አሉ። ሱቋ በሙሉ ሳቀች፤ ልጅቷም ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

"እንግዲህ ይሄ ወረቀት ደላላ አይደለም፣ ዋስ ነው" አሉ አባትየው። "ያልተጠየቀውን ነውር የሚናገር ሰው ሌላውን አይዋሽም። አሁን እንኪ፣ እይው። ስንጥቁ ከሌለ ድንጋዩ ሌላ ነው፤ ሠርጉም የለም። ስንጥቁ ካለ ሠርጉም አለ።"

ቀለበቱን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ያን ጊዜ ነው ጣቶቼ ያወቁት። ፈርጡ ያሟልጫል። ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋው የአደስ ሽታ መጣብኝ፤ ለጸጉር የሚቀባው ቅቤ የሚለወስበት የአደስ ቅጠል። አክስቶቿ ሳምንት ሙሉ ጸጉሯን ሲቀቡ እሷም ቀለበቷን ሳታወልቅ እጇን ወደ ጸጉሯ ስትሰድ ከርማለች። አልማዝ ደግሞ ከድንጋይ ሁሉ ተለይቶ ቅባት ይወዳል፤ ያገኘውን ሞራ ይይዛል፣ አይለቅም። ያን ማለዳ ያየሁት ድንጋዩን አልነበረም፤ ቅቤውን ነበር። እፍ ያልኩትም በውርጭ ከቀየት ድረስ ሲበርደው የመጣ፣ ቅቤ የለበሰ ነገር ላይ ነበር። በዚያ ብርድ የኔው አፍንጫ እንኳ ትንፋሽ ይዞ ይቆያል። ፊቴ ጋለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለኔ የተነገረ መሰለኝ።

"ቆዩኝ። ውሃ ላሙቅ" አልኩ።

አባቴ ብር የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር፤ እኔም አልተውኩትም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የእንዶድ ዱቄት በተንኩ፣ ቀለበቱን ነከርኩት፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ከሥር ከላይ አሸሁት። ሰዉ ሁሉ አረፋውን ያያል። አሁን ድንጋዩ እውነት እንዲሆን የምመኘው እኔ ነበርኩ፣ ከሙሽራዋ በላይ። በንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁትና በነጠላዬ ጫፍ አድርቄ ወደ መስኮቱ ያዝኩት።

ፈርጡ ነደደ። ሌላ ቃል የለኝም። ቄሱ "እግዚኦ!" አሉ፤ የግድግዳው ኖራ ላይ ትንንሽ ቀይና ሰማያዊ ብርሃኖች ተበተኑ፣ እጄን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ይሮጣሉ። እፍ አልኩበት። ትንፋሼ ሳይደርስ ጠፋ።

አባትየው ግን አልተደሰቱም። "ውበቱን ተይው። ምልክቱን!"

አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። በወገቡ ላይ ቁጥሩን አገኘሁ፤ እየጠራሁ፣ ልጅቷ ከወረቀቱ ላይ እያረጋገጠች፣ እስከ መጨረሻው ገጠመ። ከዚያ ድንጋዩን ሥዕሉ እንዳለው አዞርኩትና ፈለግሁ። አንዴ ያየሁት መሰለኝ፣ ጠፋብኝ። እንደገና አዞርኩት። ጎኑ ላይ፣ ልክ ሥዕሉ ያለበት ቦታ፣ ከቅንድብ ጸጉር የቀጠነች አንዲት ላባ ተኝታለች።

"አለ!" ብዬ ጮህኩ። "ነውሩ አለ!"

እንዲህ ያለ እልልታ ለስንጥቅ ሲቀልጥ በዘመሮ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷ እልል ስትል በር ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። አባትየው መነጽሩን ተቀብለው ረዥም ጊዜ አዩ፤ እንደ በግ ጥርስ ድንጋዩን ወደዚህም ወደዚያም አገላበጡት። "አየኋት" አሉ በመጨረሻ፣ ጠፍታ የተገኘች በጋቸውን ያዩ ያህል። ቄሱም ተራቸውን ወስደው ተመለከቱ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።

"ምን አዩ አባ?" አልናቸው።

"ሽፋሽፍቴን" አሉ። "ግን እመሰክራለሁ።"

ሳቁ ሲያልፍ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አባትየው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ቃልሽ የወጣው በዚህ በር ነው" አሉኝ። "በዚሁ በር ይመለስ።"

ገባኝ። የምቀመጥበትን ዱካ አንሥቼ ደጅ ላይ አስቀመጥኩና ወጥቼ ቆምኩበት። የገበያ ቀን ነው፤ በግ የሚነዳው፣ ገብስ የሚጭነው፣ ወፍጮ የሚጠብቀው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ድምፄ እንደ ወትሮው አልከዳኝም። "የሰሞኑ ሙሽራ ቀለበት አልማዝ ነው! ጠርሙስ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው! ቅቤ አይቼ ነው ድንጋይ የሰደብኩት! ላልሰማ አሰሙ!" አልኩ። አንዱ ባለበግ ከወዲያ "እንግዲያ ያንቺ ወርቅስ?" ብሎ ጮኸ። "የኔ ወርቅ ልክ ነው፤ የተሳሳተው አፌ ነው!" አልኩት። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ስወርድ ሐጂ እጄን ይዘው ደገፉኝና "እህቴ፣ ዛሬ ደንበኛ አበዛሽ" አሉኝ። አላመንኳቸውም።

ቀለበቱን ያኔውኑ አጥብቤ ሰጠኋት። ዋጋ ልትከፍለኝ ስትል ነው የተቆጣሁት።

ለሠርጉ ተጠራሁ። ዳሱ ውስጥ ቃል ኪዳን ሊታሰር ሰዉ ጸጥ ባለ ጊዜ አባትየው የልጃቸውን እጅ አንሥተው ቀለበቱን ለእንግዳው አሳዩ። "የዚህ ድንጋይ ነውሩ ተጽፎ መጥቷል፣ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አምኜዋለሁ። አሁን ደግሞ የልጄን ነውር..." ብለው ሲጀምሩ ሙሽራዋ አቋረጠቻቸው።

"አባዬ፣ ይተዉት፣ እኔው ልናገር። ስቆጣ ሦስት ቀን አልናገርም።"

"ሦስት ቀን?" አለ ሙሽራው።

"አራትም ሆኖ ያውቃል" አሉ እናቷ ከወዲያ።

ሙሽራው ተነሥቶ ቆመ። "እኔ ደግሞ አንኮራፋለሁ" አለ። ታላቅ ወንድሙ እጁን አወጣ፤ "ዋስ ነኝ! አንድ አልጋ ላይ አብሬው ዐሥር ዓመት ተኝቻለሁ!" ዳሱ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርግ ሄጃለሁ፤ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበት ግን የለም።

የሳቁ ማብቂያ ላይ አባትየው በሰዉ መካከል ፈለጉኝ። ካሳ እንዳልከፈልኩ አስታወሱኝ። ካሳዬ ምን እንደሆነም ወዲያው ቆረጡ፦ ከእንግዲህ ለምሸጠው ነገር ሁሉ ወረቀት እጽፋለሁ፤ ወረቀቱም ላይ ነውሩ ይጻፋል። ቀጠሉና "ከሁሉ በፊት ግን የራስሽ ይጻፍ" አሉ። ሙሽራዋ እዚያው እየሳቀች ወረቀት አስመጥታ ጻፈችልኝ። የነርስ ጽሕፈት ስለሆነ ለማንበብ ትንሽ ያስቸግራል።

አሁን ግድግዳዬ ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል። "ባለሱቋ፦ እጇ ንጹሕ ነው። ነውሯ፦ አፏ ከዓይኗ ይቀድማል።" ከሥሩ አባትየው በዋስነት ጣታቸውን አትመውበታል። ለመስቀሎቼም ለጆሮ ጌጦቼም ወረቀት እጽፋለሁ፤ "ቀኝ ክንፉ ትንሽ ይሳሳል"፣ "ከኋላ በኩል የብየዳ ጠባሳ አለው" እያልኩ። መጀመሪያ ሰው ይሸሻል ብዬ ነበር። ሐጂ ግን ልክ ነበሩ።

በቀደም አንዲት የማላውቃት ሴት ገባች፤ ከመርሐቤቴ በኩል መምጣቷን ከንግግሯ ገመትኩ። ምንም አልጠየቀችኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀስ ብላ አነበበች፣ እኔን አየች፣ እንደገና አነበበች።

"እውነት ነው?" አለችኝ።

"እውነት ነው።"

ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ከዚያ ከአንገቷ ሥር፣ ከቀሚሷ ውስጥ፣ በክር የታሰረ ያረጀ ቀለበት አወጣች። የእናቷ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብላ ፈርታ ለማንም አሳይታው አታውቅም።

"እንግዲያስ የኔን እይልኝ" አለች።

ቀለበቱን ተቀበልኳት። ፈርጡ ደብዛዛ ነበር። አፌን ዘግቼ ውሃ ጣድኩ።